የሞተር ምርጊት

በወፍጮ ቤት ደጃፍ የተደረገ ንግግር



የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ ስስ ቅጠል ነው። የዛፍ ቅጠል አይደለም። ከመዳብና ከሌላ ነገር የተሠራ፣ ውፍረቱ ከአንድ ሳንቲም የማይበልጥ ቅጠል ነው። በጋራዥ ቤት ጓርኒሲዮን ይሉታል። ይህ ቅጠል ሲቃጠል የናፍጣ ወፍጮ ይቆማል። ወፍጮ ሲቆም ምን እንደሚሆን እኛ ልንነግራችሁ አያስፈልግም። እናቶቻችን ወደ መጁ ይመለሳሉ። ወይም እህሉን በአህያ ጭነው ወንዝ ይሻገራሉ፤ ወረፋ ይዘው ውጭ ያድራሉ። አንዲት እናት በቀደም ዕለት «ልጆቼ፣ ሞተሩ ባረፈ ቁጥር የምደክመው እኔ ነኝ» ብለውናል።

ስለዚህ ጉዳዩ የወፍጮው ሠራተኛ ብቻ አይደለም። ሠራተኛው አንድ ነው፤ ሊታመም፣ ሊሄድ ይችላል። መካኒክም ከከተማ እስኪመጣ ሳምንት፣ አንዳንዴም ወር ያልፋል። ይህን ቅጠል መቀየር ግን ትዕግሥት፣ ጥቂት መፍቻ፣ ቁጥር ማንበብ የሚችል ዓይን ካለ መንደር ውስጥ የሚሠራ ሥራ ነው። ቁጥር ማንበብን አሁን እናንተም ችላችኋል።

የመብራት መስመር በገባበት ቦታ ወፍጮው የሚዞረው በኤሌክትሪክ ሞተር ነው። በዚያ ሞተር ውስጥ እሳት ስለማይነድ ይህ በሽታ የለም። የእኛ ወሬ ናፍጣ ስለሚጠጣው ነው።

ለርእሳችን ምርጊት የሚለውን ቃል የመረጥነው ሁላችሁም ስለምታውቁት ነው። ጠላ የተጠነሰሰበት ጋን አፉ በክዳን ይዘጋል። ክዳንና ጋን የቱንም ያህል ቢገጣጠሙ በመካከላቸው ክፍተት አይጠፋም። ስለዚህ ዙሪያው በጭቃ ይመረጋል። ምርጊቱ ከተሰነጠቀ ጋኑ ይተነፍሳል፤ ጠላውም ይበላሻል። ጋኑ ደኅና ነው፤ ክዳኑም ደኅና ነው፤ የተበላሸው በመካከል ያለው ጭቃ ነው። ሞተርም እንደዚሁ ነው።

ሞተር ከላይና ከታች ሁለት ትልልቅ ብረቶች አሉት። የታችኛው ግንዱ ነው። በውስጡ ሲሊንደር የሚባል ክብ ጉድጓድ አለ። በጉድጓዱ ውስጥ ፒስተን የሚባል ብረት፣ ሙቀጫ ውስጥ እንዳለ ዘነዘና፣ ይወጣል ይወርዳል። የላይኛው ብረት ክዳኑ ነው። መካኒኮች ቴስታታ ይሉታል፤ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ ራስ ከሚለው የወጣ ነው። ቴስታታው በወፍራም ቡሎኖችና ዳዶዎች ከግንዱ ጋር ይታሰራል። በሁለቱ መካከል ጓርኒሲዮኑ ይተኛል። ሥራው እሳቱ ከሲሊንደሩ እንዳያመልጥ፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውኃ ወደ እሳቱ እንዳይገባ፣ ዘይቱም ከውኃው ጋር እንዳይደባለቅ መከልከል ነው።

«ይህን ያህል ስስ ነገር ምን ያህል ኃይል ይችላል?» ያላችሁን አባት ጥያቄ እስቲ በሒሳብ እንየው። በየገጠሩ ወፍጮ ከሚያዞሩት ሞተሮች አንዱ ሊስተር የሚባለው ዓይነት ነው። በእንግሊዝ አገር፣ ዴርስሊ በምትባል ከተማ ተሠራ፤ በኋላም አምሳያው በሕንድ አገር በራጅኮት ከተማ በብዛት ተሠራ። ባለ አንድ ሲሊንደር ነው። ሁለት ከባድ መዘውሮች አሉት። ባለ 6 የፈረስ ጉልበቱ ሞተር በደቂቃ 650 ጊዜ ይዞራል። የሲሊንደሩ አፍ ከዳር እስከ ዳር 11 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ነው፤ ስፋቱም ወደ 100 ሳንቲ ሜትር ካሬ ይሆናል። ናፍጣው ሲነድ በእያንዳንዷ ሳንቲ ሜትር ካሬ ላይ፣ ማለትም የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ፣ 50 ኪሎ ያህል ጉልበት ያርፋል። እንግዲህ 50ን በ100 አባዙት። 5,000 ኪሎ ነው። 50 ኩንታል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ጉልበት ቴስታታውን ወደ ላይ ሊያነሣው ይታገላል። ስንት ጊዜ? ሞተሩ ሁለት ጊዜ በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ እሳት አለ። 650 ለሁለት ሲካፈል 325 ነው። በደቂቃ 325 ጊዜ ማለት በአንድ ሰከንድ ከአምስት ጊዜ በላይ ነው። ዳዶዎቹ በደንብ ካልጠበቁ ምርጊቱ ምን ይሆናል? መልሱን እናንተው ታውቁታላችሁ።

ይህን ዓይነት ሞተር የፈለሰፈው ሩዶልፍ ዲዝል የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ በሚገባ የሚሠራውን ሞተር አሳየ። እሱ ያሰበው ነገር እንዲህ ነው። አየር በጠባብ ቦታ በኃይል ሲታመቅ ይሞቃል። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው የመንፊያው ጫፍ እንደሚሞቅ ያውቃል። አየሩ ከአሥራ አምስት እጥፍ በላይ ከታመቀ ናፍጣ ሲረጭበት ያለ ክብሪትና ያለ ካንዴላ በራሱ ይነድዳል። ቁም ነገሩ ይህ ነው፤ የናፍጣ ሞተር እሳት የሚያገኘው ከመታመቁ ነው። ምርጊቱ ከተነፈሰ አየሩ አይታመቅም። ካልታመቀ አይሞቅም። ካልሞቀ ናፍጣው አይነድም። ሠራተኛው መዘውሩን ሲያዞር ቢውል ላቡን ከመጨረስ በቀር ምንም አያገኝም።

አሁን ወደ ምልክቶቹ እንምጣ። የከብት በሽታ አስቀድሞ በምልክት እንደሚታወቅ ሁሉ ይህም ይታወቃል። አንደኛው ምልክት በውኃው በርሜል ውስጥ ነው። ሞተሩ እንደተነሣ፣ ውኃው ገና ሳይሞቅ፣ እንደ ፈላ ድስት ፊቅ ፊቅ የሚል አረፋ ከታየ፣ ያ አረፋ እንፋሎት አይደለም፤ ከሲሊንደሩ ያመለጠ ጭስ ነው። ሁለተኛው የውኃው ማነስ ነው። አንድም ጠብታ መሬት ላይ ሳይታይ በየቀኑ ውኃ የሚጨመር ከሆነ፣ የሚጠጣው ሞተሩ ራሱ ነው። ውኃው ከእሳቱ ጋር ገብቶ በጭስ ማውጫው በኩል ነጭ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። በማለዳ ብርድ ሲነሣ ጥቂት ነጭ ጭስ ቢያሳይ አትደንግጡ፤ እሱ የማንኛውም ሞተር ጠባይ ነው። እስከ ቀትር ከቀጠለ ግን ተጠንቀቁ። ከሁሉም ክፉው ዘይቱ ውስጥ የሚታየው ነው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥታችሁ ስታዩት ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ መስሎ ከተገኘ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። በዚህ ዓይነት ዘይት ሞተሩን ማስነሣት ትልቅ ጥፋት ነው። ውኃ የተቀላቀለበት ዘይት ብረትን ከብረት አይጠብቅም፤ በሰዓታት ውስጥ በብዙ ብር የማይተካ ዕቃ ይበላል። የሚያፏጭ ድምፅም አለ፤ በቴስታታውና በግንዱ መጋጠሚያ ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ተለጥፎ ካያችሁ እሳቱ በዚያ በኩል መንገድ አበጅቷል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከእነዚህ ምልክቶች አንዳንዶቹ ቴስታታው ራሱ ሲሰነጠቅም ይታያሉ። ስለዚህ «ጓርኒሲዮን ነው» ብሎ መማል የሚቻለው ተከፍቶ ከታየ በኋላ ነው።

ባለፈው እሑድ አንድ አባት «ቅጠሉን አስቀየርን፤ በወሩ ደግሞ ተቃጠለ፤ ነጋዴው አታሎን ይሆን?» ብለው ጠይቀውናል። ሊሆን ይችላል፤ መጥፎ ዕቃ በገበያ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ከቅጠሉ አይደለም። ምርጊት የሚሰነጠቀው በምክንያት ነው። ምክንያቱ ሳይፈለግ ቅጠሉን ብቻ መቀየር ጣራው የሚያፈሰውን ቤት ሳይከድኑ ወለሉን እየደጋገሙ መጥረግ ነው። በዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ገንዘባችሁ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነውና።

ዋናው ምክንያት ሙቀት ነው። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ከመጠን በላይ የሞቀ ቴስታታ ይጣመማል፤ በመካከሉ ክፍተት ይፈጠራል። ታዲያ ሞተሩ ለምን ከመጠን በላይ ይሞቃል? የውኃውን በርሜል ሂዱና እዩት። ግማሽ ነው? የላይኛው ቧንቧ ከውኃው በላይ ወጥቶ ይታያል? እንዲህ ከሆነ ውኃው አይዘዋወርም። በዚህ ዓይነት ሞተር ውኃውን የሚያዘዋውረው ሙቀቱ ራሱ ነው። የሞቀው ወደ ላይ ይወጣል፤ የቀዘቀዘው በታችኛው ቧንቧ ይገባል። የላይኛው ቧንቧ አፍ ውኃ ውስጥ ካልጠለቀ ዝውውሩ ይቋረጣል። የወንዝ ውኃ ደግሞ ጭቃና ኖራ ይዞ ይመጣል። ጀበና በውስጡ ነጭ ነገር እንደሚለጠፍበት፣ በሞተሩ የውኃ መንገድም ይለጠፍበታል፤ መንገዱም ይጠባል። የዝናብ ውኃ ከተገኘ ከወንዙ ይሻላል። የወንዝ ከሆነ አጥልሉት፤ በጨርቅም አጣሩት።

ሌላው የአገራችን ከፍታ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። በባሕር ዳርቻ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሙቀት ነው። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ከፍ ባለ ደጋ ግን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ በደጋ የበርሜሉ ውኃ ቶሎ ይፈላል፤ ቶሎም ያልቃል። በዚያ ላይ በደጋ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ስላነሰ ጉልበቱም ያንሳል። በዚህ ከፍታ ሩብ ያህሉን ያጣል ማለት ይቻላል። በብረት ሰሌዳው ላይ 6 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈው ሞተር በደጋ አራት ከግማሽ ያህል ይሰጣል። ወረፋው ረዘመ፣ ሰው ተቆጣ ተብሎ እህሉ በአንድ ጊዜ ሲፈስበት ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ያቃስታል። ጥቁር ጭስ «ከበደኝ» የሚል ቃል ነው። ወረፋ የያዛችሁ እናንተም ሠራተኛውን «ቶሎ በል፣ ቶሎ በል» ባትሉት ለወፍጮው ዕድሜ ትረዳላችሁ።

የሞቀ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስም አለ። የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ብትደፉ ምን ይሆናል? ይሰነጠቃል። የሞተሩም ብረት እንዲሁ ነው። ውኃ አልቆበት የጋለን ሞተር አቁማችሁ ተውት። እጅ በላዩ ላይ ያለ ሥቃይ እስኪቆይ ድረስ ጠብቁ። ከዚያ በኋላ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ።

አሁን ቅጠሉን ስለ መቀየር እንናገር። ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ማደር አለበት። በሙቀቱ የተፈታ ቴስታታ ሲቀዘቅዝ ሊጣመም ይችላል፤ አጣዳፊነት እዚህ ዋጋ ያስከፍላል። ጠዋት መጀመሪያ ቺንጋው ይውጣ። የናፍጣው ቧንቧ ይዘጋ። ውኃው በባልዲ ይቀዳ፤ ቀለሙን እዩት፤ ዘይት ተንሳፎበት እንደሆነ አንድ ምስክር አገኛችሁ። ከዚያ የጭስ ማውጫው፣ የውኃው ቧንቧና የናፍጣው ቀጭን ቧንቧዎች ይፈታሉ። የናፍጣው ቧንቧ አፍ ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ ይታሰር። ከጤፍ ፍሬ ያነሰች አሸዋ ናፍጣ የሚረጨውን ዕቃ ልታበላሽ ትችላለች። ቫልቮቹን የሚገፉት ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ሲወጡ የትኛው ከየት እንደወጣ በጠመኔ ይጻፍ። በየመንደሩ ሞተር ተፈትቶ ሳይገጠም የሚቀረው ብዙ ጊዜ የትኛው የየት እንደሆነ ስለሚጠፋ ነው። ካርቶን ላይ «የጭስ»፣ «የአየር» ብሎ ጽፎ ዘንጉን መሰካት ይበቃል።

የቴስታታው ዳዶዎች በአንድ ጊዜ አይፈቱም። አንዱን ሩብ ዙር፣ ከዚያ በሰያፍ ፊት ለፊቱ ያለውን ሩብ ዙር፣ እንዲህ እየተባለ ሁሉም በእኩል ይላላ። ሲያልቅ ሁለት ጠንካራ ሰዎች ቀጥ አድርገው ያንሱት። አልነሣ ካለ በመካከሉ መሮ መክተት ክልክል ነው። ጎኑን በእንጨት መዶሻ መታ መታ አድርጉት። መሮ የጫረው ፊት እንደገና አይመረግም።

ሲከፈት አሮጌውን ቅጠል አትጣሉት። አንብቡት፤ እሱም ጽሑፍ ነው። የተቃጠለበት ቦታ ጥቁርና የተበላ ይሆናል። የተበላው ወደ ውኃው ቀዳዳ በኩል ከሆነ የአረፋው ምክንያት ተገኘ። ወደ ውጭ ከሆነ ያፏጨው በዚያ ነው። ዙሪያው በሙሉ ጤነኛ ከሆነ ግን ሥራው አላለቀም፤ ቴስታታው መሰንጠቁ ይመርመር።

እዚህ ላይ ስለ ጤና አንድ ነገር እንናገራለን። በድሮ ዘመን የተሠሩ ብዙ ጓርኒሲዮኖች በመዳቡ መካከል አስቤስቶስ የሚባል የድንጋይ ጭረት አላቸው። እሳት ስለማይበላው ነበር የተመረጠው። በኋላ ግን ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከዓመታት በኋላ ካንሰርና ሌላ የሳንባ በሽታ እንደሚያመጣ ታወቀ። በአውሮፓ አገሮች መሸጡ ተከልክሏል። የአሮጌው ቅጠል ዕድሜ ካልታወቀ አስቤስቶስ አለበት ብሎ መጠንቀቅ ይሻላል። በደረቁ አትፋቁት፤ በአፋችሁም እፍ አትበሉበት። በውኃ አርሱት፤ እርጥቡን ፋቁት፤ ፍርፋሪውን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ሕፃናትና ዶሮ ከማይደርሱበት ጥልቅ አድርጋችሁ ቅበሩት። አዲስ ስትገዙ አስቤስቶስ የሌለበትን ጠይቁ።

ግንዱና ቴስታታው የሚገናኙበት ፊት እንደ ታጠበ ምጣድ መጽዳት አለበት። ከመፋቃችሁ በፊት የሲሊንደሩን አፍ በጨርቅ ድፈኑ፤ ፍርፋሪ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ጠንካራ እንጨት ወይም የደነዘ መዳብ ለመፋቂያ ይሆናል። ሞረድ አይሆንም። የብርጭቆ ወረቀትም በጣት ተጠቅልሎ ሲፈጉት ጎድጓዳ ያወጣል። ከጸዳ በኋላ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በጠርዙ አቁሙበት፤ ከጀርባው የእጅ ባትሪ አብሩ። በርዝመቱ፣ በወርዱ፣ በሁለቱም ሰያፍ እዩ። ከማስመሪያው ሥር ብርሃን ሾልኮ ከታየ ቴስታታው ተጣሟል። እሱን በመንደር ማቃናት አይቻልም። ከተማ ወስዶ በማሽን ማስላጥ ነው። ይህን ዘሎ አዲስ ቅጠል በጠማማ ብረት ላይ የሚያስር ሰው በወሩ ተመልሶ ይገዛል። የአባታችን ጥያቄ መልስ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

በምትኩ ካርቶን ቆርጦ ማሰር፣ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ቆርጦ ማስገባት፣ አሮጌውን ቅጠል በግራሶ ቀብቶ መመለስ፣ እነዚህን ሁሉ እንሰማለን። ለውኃ ቧንቧ ካርቶን ሊያገለግል ይችላል። ለ50 ኩንታል እሳት ግን አይሆንም። ውፍረቱም ሕግ አለው። ፒስተኑ ከላይ ሲደርስ በእሱና በቴስታታው መካከል የሚቀረው ክፍተት በጣም ጠባብ ነው። ቅጠሉ ከታዘዘው ከሳሳ ፒስተኑ ቴስታታውን ይመታል፤ ከወፈረ ደግሞ አየሩ በሚገባ አይታመቅም። ስለዚህ ገዢው የሞተሩን ስምና ቁጥር ከብረት ሰሌዳው ላይ በወረቀት ገልብጦ፣ አሮጌውንም ይዞ ወደ ሱቅ ይሂድ። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ቢል አትመኑት። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በላዩ እያስተኛችሁ አመሳክሩ።

አሁን የሥራው ልብ ደረሰ፤ ማጥበቅ ነው። አህያ የጫነ ሰው ገመዱን በአንድ ወገን ብቻ አጥብቆ አይጨርስም፤ ጭነቱ ይዘምማል። ከበሮ የሚወጥር ሰውም ጠፍሩን ወዲህና ወዲያ እያፈራረቀ ይስባል እንጂ ከአንድ ጎን አይጀምርም። ቴስታታም እንዲሁ ነው። አዲሱ ቅጠል በንጹሕ ፊት ላይ ይተኛ። ቴስታታው ቀጥ ብሎ ይውረድበት። የቡሎኖቹ ጥርስ በብረት ብሩሽ ጸድቶ ጥቂት ዘይት ይነካው። ከዚያ ጠመኔ አምጡና በየዳዶው አጠገብ ቁጥር ጻፉ። አራት ዳዶ ከሆነ 1 ከጻፋችሁ በኋላ 2ን በሰያፍ ፊት ለፊት፣ 3ን በቀረው ማዕዘን፣ 4ን በእሱ ፊት ለፊት ጻፉ። ቁጥሩን ተከትላችሁ አጥብቁ። በመጀመሪያ ሁሉም በእጅ፣ ከዚያ በመፍቻ በሦስት ዙር።

«ምን ያህል ይጥበቅ?» ነው ጥያቄው። «እስኪያቃትተኝ» የሚል መልስ ሰምተናል። የሰው ጉልበት ግን አይመሳሰልም። ትክክለኛው መጠን በሞተሩ መጽሐፍ ውስጥ በቁጥር ተጽፏል። ጋራዦች ጉልበት የሚለካ መፍቻ አላቸው። ከተገኘ በኪራይም ሆነ በውሰት አምጡ። ካልተገኘ ደግሞ ባለ መንጠቆ ሚዛን ያለው ነጋዴ በየገበያው አይጠፋም። መጽሐፉ ለምሳሌ 12 ኪሎግራም ሜትር ቢል እንዲህ ይደረጋል። በመፍቻው እጀታ ላይ ቧንቧ ይሰካ። ከዳዶው መካከል አንድ ሜትር ለክታችሁ በዚያ ቦታ ላይ የሚዛኑን መንጠቆ አስገቡ። ቀጥ ባለ ማዕዘን ሳቡት። ሚዛኑ 12 ኪሎ ሲያሳይ በቃ። ቦታ ጠቦ ግማሽ ሜትር ላይ ብትይዙ 24 ኪሎ ያስፈልጋል። በሦስት ዙር ይሁን ስላልን፣ መጀመሪያ ሁሉንም 4፣ ቀጥሎ ሁሉንም 8፣ በመጨረሻ ሁሉንም 12 ታደርጋላችሁ። መጽሐፉ በኒውተን ሜትር ከጻፈ ለ10 አካፍሉት፤ በእንግሊዝ መለኪያ በፓውንድና በፉት ከጻፈ ለ7 አካፍሉት፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል። 12 ያልነው ለምሳሌ ነው እንጂ የእናንተን ሞተር ቁጥር አይደለም። የእናንተው ከሰሌዳው ቁጥር ጋር ከሚስማማው መጽሐፍ ይገልበጥ፤ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳም በትልቁ ይጻፍ።

እግረ መንገዳችንን ስለ መኪና አንድ ቃል። በገበያ ቀን የሚመጣው አሮጌ ላንድሮቨር ወይም ፊያትም ይኸው ምርጊት አለው፤ በሽታውም አንድ ነው። ልዩነቱ ሲሊንደሩ አራት ወይም ከዚያ በላይ በመሆኑ ዳዶዎቹ ይበዛሉ። የሚጠብቁት ከመካከል ተጀምሮ ግራና ቀኝ እየተፈራረቀ ወደ ዳር ነው። ቀላል ከሆነው አሉሚንየም የተሠራ ቴስታታ ካለው ደግሞ ቶሎ ይጣመማልና በሙቀቱ መክፈት ፈጽሞ አይገባም። የራዲያተሩንም ክዳን ሞተሩ እንደጋለ የሚከፍት ሰው ፊቱን ይቃጠላል። ልጆቻችሁን ከዚያ አርቁ።

ወደ ወፍጮው እንመለስ። ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ አይነሣም፤ ገና ነው። መዘውሩን በእጅ ሁለት ዙር ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። ብረት ከብረት ሲጋጭ ከተሰማ አቁሙ፤ ውፍረቱን መርምሩ። የቫልቮቹ ክፍተት በመጽሐፉ ቁጥር ይስተካከል። ዘይቱ ወተት መስሎ ከነበረ ይፍሰስና አዲስ ይገባበት፤ ይህን ወጪ ማሳነስ አይቻልም። ውኃው ከላይኛው ቧንቧ በላይ እስኪደርስ ይሞላ። ቧንቧዎቹ ተፈትተው ስለነበር በናፍጣው መንገድ አየር ገብቷል። በማጣሪያው ላይ ያለው ቡሎን ላላ ተደርጎ ናፍጣው ያለ አረፋ እስኪወርድ ይፍሰስ። ናፍጣ የሚረጨውን ዕቃ ለመፈተን የሚፈልግ ሰው እጁን ከፊቱ አያድርግ፤ የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ደም ውስጥ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ መስሎ እጅ ያሳጣል። በሚነሣበት ሰዓት ነጠላና ጋቢ የለበሰ ሰው ከቺንጋው ይራቅ። የወፍጮ ቤቱ በርና መስኮት ይከፈት።

ሲነሣ ያለ እህል ግማሽ ሰዓት ይሥራ። በርሜሉን እዩ፤ አረፋ የለም? የጭስ ማውጫውን እዩ፤ መጋጠሚያውን በጣታችሁ ሳይሆን በዓይናችሁ ዙሩት። ከዚያ አቁሙት፤ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። አዲስ ቅጠል በሙቀቱ ይተኛል፤ ዳዶዎቹ ጥቂት ይላላሉ። ስለዚህ መጽሐፉ አታጥብቅ ካላለ በስተቀር፣ በቀዝቃዛው፣ በዚያው የጠመኔ ቁጥር ተራ፣ በዚያው ሚዛን እንደገና ይጥበቁ። ቴስታታው ወደ ታች ስለሚወርድ የቫልቮቹ ክፍተት ይጠባል፤ እሱም እንደገና ይለካ። አሥር ሰዓት ያህል ከፈጨ በኋላ አንድ ጊዜ ይደገም። ብዙ ሠራተኛ ሞተሩ ከተነሣ ደስ ብሎት ይህን ይተወዋል፤ ወረፋውም ያስተወዋል። እኛ የምንለው ግን ያን ዕለት ማታ ወፍጮው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ይቆም፤ ሰውም ይታገሥ ነው።

የጠመኔው ቁጥር ይጠፋልና ከመጥፋቱ በፊት በደብተር ይገልበጥ። በዚያው ገጽ ላይ ቅጠሉ የተቀየረበት ቀን፣ የተገዛበት ዋጋ፣ ዳዶዎቹ የጠበቁበት ኪሎ፣ የሠሩትም ሰዎች ስም ይጻፍ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ሁለት ነገር ይመዝገብ፤ ስንት ባልዲ ውኃ እንደተጨመረ፣ ዘይቱም ምን እንደሚመስል። ደብተሩ ከግድግዳው ላይ በገመድ ይንጠልጠል፤ እርሳሱም አብሮ ይታሰር፤ አለበለዚያ እርሳሱ ይወሰዳል።